ከሽማግሌው ኪስ የወጣው ስንዴ

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚመሰገን ሰው አለ፤ እኔ ግን አይደለሁም። እኔ ኪሳቸውን የፈተሽኩት ሰውዬ ነኝ።

ሰበታ ውስጥ፣ ከጅማው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አባቴ ትቶልኝ ያለፈ ወፍጮ ቤት አለኝ። ይህ ሲሆን ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሰፈሩ "ሸምሱ ወፍጮው" ነው የሚለኝ። ወፍጮ ቤት ያደገ ሰው የሰው እጅ ማየት ይለምዳል። ማን ከጎረቤቱ ጆንያ ዘግኖ ወደ ራሱ እንደሚጨምር፣ ማን የሌላውን ዱቄት የራሱ ነው ብሎ ተሸክሞ እንደሚወጣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመለከት ኖሬያለሁ። አባቴ "ማንንም አትስደብ፣ ማንንም አትመን" ይለኝ ነበር። ሁለተኛውን አጥብቄ ያዝኩ፤ የመጀመሪያውን ረሳሁት።

በዚያ ዓመት ከግጭት የሸሹ ሰዎች ወደ ከተማችን መጡ። ከከተማው ጫፍ፣ ግንባታው ያላለቀ አንድ መጋዘን ነበር፤ በር የለው፣ ጣሪያው ግማሹ ቆርቆሮ ግማሹ ሸራ። እዚያ ወደ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ሰፈረ። መጀመሪያ ሰሞን ዱቄቱም፣ ዘይቱም፣ አተር ክኩም በመኪና ይመጣላቸው ነበር። ቀስ በቀስ መኪናው በሳምንት የሚመጣው በወር ሆነ፤ ከዚያም ጭራሹን ቀረ። ሰፈራችን ተሰብስቦ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢዋ እትዬ ብዙነሽ ነበሩ። የዚሁ አገር ገበሬ ልጅ ናቸው፣ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ የሚጨርሱ፣ የማንንም በር ለማንኳኳት የማያፍሩ ሴት። እህል ከነጋዴ መለመንና በነፃ መፍጨት የእኔ ድርሻ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር በሙሉ ልቤ አልገባሁበትም። ገበያ ውስጥ የዕርዳታ ዘይት ተዘርግቶ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ላገኘሁት ሁሉ "እኛ እንሰጣቸዋለን፣ እነሱ አውጥተው ይሸጡታል" እያልኩ አወራ ነበር። ዘይቱን የሸጠችው ሴት በምትኩ ሳሙና ትግዛ፣ ለልጇ መድኃኒት ትግዛ፣ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

አጎቴ ጋሽ ኸይሩ ተጂ ላይ እህል ነጋዴ ናቸው። አባቴ ከሞተ በኋላ አባት የሆኑኝ እሳቸው ናቸው። ስለ መጋዘኑ ሰዎች ሳወራቸው፣ ያንኑ የተለመደ ሐሜቴንም ጨምሬ፣ ትንሽ አሰቡና "አሥር ኩንታል ስንዴ እልክልሃለሁ፤ ስሜ እንዳይነሳ ብቻ" አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩና ወጣሁ። ለእትዬ ብዙነሽም ስማቸው እንዳይነሳ የሚፈልጉ ደግ ሰው ሰጡን ብዬ ነገርኳቸው።

ስንዴው ቅዳሜ ጧት በአይሱዙ መጣ። ለማውረድ ከመጋዘኑ አራት ጎልማሶች መጡ። አብረዋቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ስልሳውን ያለፉ፣ ረጅም፣ ጉልበታቸው የሚደርስ አሮጌ ካፖርት የለበሱ። "ኦቦ ቱፋ ናቸው" አለኝ ከአራቱ አንዱ። ኦቦ ቱፋ አልተሸከሙም። ጆንያው ወርዶ በተደረደረ ቁጥር እየተጠጉ አፉን ፈታ ያደርጉና እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ይከቱበታል። ዘግነው ያወጣሉ፣ ያሸታሉ፣ መልሰው ያፈሳሉ። ቀጥሎ ወደሚቀጥለው።

ወፍጮውን አስነሳሁ። ከትናንት ጀምሮ በደንብ ያልበሉ ሰዎች እየጠበቁ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኩንታሎች እንደተፈጩ በባጃጅ ሰደድኳቸው፤ ሁለቱ ጎልማሶችም አብረው ሄዱ። ሦስተኛውን መፍጨት ስጀምር ዓይኔ ከሽማግሌው አልተነሳም። አሁን የዘገኑትን ሁሉ አይመልሱም። ጥቂቱን በጣታቸው ይለቅሙና እጃቸው ወደ ካፖርታቸው ኪስ ይገባል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አየሁ። "ያውልህ፤ ገና ሳይፈጭ ጀመሩ" አልኩ በልቤ።

ጠጋ አሉኝ። "ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ይህ ስንዴ ከየት ነው የመጣው?"

"ምን ያደርግልዎታል? አላህ ነው የሰጠው።"

"አላህማ ሁሉንም ይሰጣል። በየትኛው ሰው እጅ መጣ ብዬ ነው።"

ስሜ እንዳይነሳ ያሉኝ አጎቴ ትዝ አሉኝ። ይሄ ሰውዬ ሰጪውን አግኝቶ ለብቻው ሊለምን ነው ብዬ ጠረጠርኩ። "በልተው ያመስግኑ፤ ጥያቄ አያብዙ" ብዬ ፊቴን አዞርኩባቸው።

ጥቂት ቆይተው ተመለሱ። በወፍጮው ጩኸት መሃል ጆሮዬ ድረስ ተጠግተው "አቁመው" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ወፍጮውን። ይህ እህል ልክ አይደለም።"

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ስጽፈው ያሳፍረኛል። ወፍጮው ቆሞ እኔ ከሳቸው ጋር ስጨቃጨቅ የቀሩት ሁለት ሰዎች ጆንያ ይዘው ሊወጡ ነው፤ ተመካክረው ነው ብዬ አሰብኩ። ወፍጮውን አጠፋሁት። ተራ የሚጠብቁ አሥር ያህል ደንበኞች ነበሩ፤ ሁሉም ዞረው አዩን። የካፖርታቸውን ክንድ ያዝኩና በአባቴ ዕድሜ ያሉትን ሰው "ኪስህን አራግፍ" አልኳቸው።

አንተ ማለቴን ሁሉም ሰማ። ከወረፋው አንዲት ሴትዮ "ኧረ ሸምሱ" አለች በቀስታ።

ኦቦ ቱፋ አልተቆጡም፣ አልለመኑኝምም። ቢያቅማሙ እጄን ልከት እንደተዘጋጀሁ አይተዋል መሰለኝ ራሳቸው ኪሳቸውን ገልብጠው መዳፋቸው ላይ አራገፉ። አንድ እፍኝ የማይሞላ ስንዴ ወጣ። ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ። "ከረሃብተኛ አፍ የሚሰርቅ ረሃብተኛ" ብዬ ሌላም ልጨምር ነበር።

"ጨርሰሃል?" አሉኝ። ከዚያ አንዷን ፍሬ በጣታቸው አነሱና ወደ ብርሃኑ ያዟት። "ጀርባዋን ተው። ሆዷን እይ።"

የስንዴ ፍሬ መሃሉ ላይ ስንጥቅ እንዳለው ታውቃላችሁ። በዚያ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ ነገር ነበር። ሌላ አነሱ፤ እሷም። ሌላ፤ እሷም።

"ቀይ አፈር ነው" አልኳቸው።

"አፈር ከሆነ ውኃ ውስጥ ይዘቅጣል። ብርጭቆ ውኃ ስጠኝ።"

ከጎረቤት ሻይ ቤት በብርጭቆ ውኃ መጣ። ስንዴውን ሁሉ ጨመሩበትና ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት። ማንም አልሄደም። እየጠበቅን ሳለ ኦቦ ቱፋ እኔን ሳይሆን ብርጭቆውን እያዩ ተናገሩ።

"አገሬ ምርጥ ዘር አባዢ ነበርኩ። ለዘር የሚቀመጠው ስንዴ መድኃኒት ይቀባል፤ ነቀዝም ዋግም እንዳይነካው። ሰው እንዳይሳሳትበት ቀይ ቀለም አብረው ያደርጉበታል። ይህ ታጥቧል። ያጠበው ሰው ጀርባውን አጥቧል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ግን አይወጣም። አንድ ክፉ ዓመት የወንድሜ ቤት የተረፈ ዘር አጥበው ቆልተው በሉ። ሁለት ልጅ ቀበርን።"

ውኃው መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከታች፣ ከፍሬዎቹ መሃል፣ ቀስ እያለ ቀለም መውጣት ጀመረ። ብርጭቆውን ሲያወዛውዙት ውኃው በሙሉ ቀይ ሥር የታጠበበት መሰለ።

እኔ ግን ያየሁትን ትቼ ያላየሁትን አሰብኩ፤ ሁለቱን ኩንታል።

ለእትዬ ብዙነሽ ደወልኩ። ይጠራል፣ አያነሱም። ደግሜ ደወልኩ። መጋዘኑ ውስጥ ሊጥ እያቦኩ ነበር፤ በኋላ ነው የነገሩኝ። ባጃጅ አስቁሜ ከኦቦ ቱፋ ጋር ገባን። ታምኑኛላችሁ? እዚያ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ እንኳ "ቀለሙን ራሳቸው ጨምረውበት ቢሆንስ?" እያልኩ ነበር። እጄን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ከዱቄቱ ሽታ ሥር የሚኮመጥጥ፣ የመድኃኒት ቤት ዓይነት ሽታ አለ። ጧት ጀምሮ ሸቶኝ ነበር፤ የጆንያው ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ሰውን ስጠብቅ እህሉን አላየሁትም።

መጋዘኑ ስንደርስ ጭስ ይወጣል። ሦስት ቦታ እሳት ነዷል፣ የመጀመሪያው ቂጣ ከእሳት ወጥቶ ሰፌድ ላይ እየተቆራረሰ ነው፣ ሰዉ ተሰልፏል። ከባጃጁ ዘልዬ "እንዳትበሉ፤ ዱቄቱን መልሱ" አልኩ።

ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። ማንም አላመነኝም።

"ጧት ሰጥተህ ቀትር ላይ ልትወስድ መጣህ?" አለኝ አንድ ጎልማሳ።

"እህሉ መድኃኒት አለበት።"

"ታዲያ ለምን ፈጨኸው?"

ቀርበው ከበቡኝ። ሁለት ሰዎች የዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀመጡበት። በፊታቸው ላይ ያየሁትን አውቀዋለሁ፤ እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ሰውን የማይበት ፊት ነው። አንዲት እናት ቂጣዋን ነጠላዋ ሥር ደበቀች።

ያኔ ኦቦ ቱፋ ከኋላዬ መጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ሂን ኛቲና" አሉ፤ አትብሉ ማለታቸው ነው። "ሱሚ ቀባ። መርዝ አለበት። እኔ አይቼዋለሁ።" ቀጥለው በአማርኛ "ይህ ልጅ እውነቱን ነው" አሉ።

ያ ሁሉ እጅ ቆመ። ነጠላዋ ሥር የደበቀችው እናት ቂጣውን አውጥታ አፈር ላይ ጣለችው። ጆንያው ላይ የተቀመጡት ተነሱ። እኔን ለማመን ብዙ ቃል ያልበቃቸው ሰዎች እሳቸውን ለማመን አንድ ቃል በቃቸው። እሳቸው ደግሞ ከአንድ ሰዓት በፊት በሰው ፊት ሌባ ያደረግኋቸው ሰው ነበሩ።

እትዬ ብዙነሽ እጃቸው በሊጥ እንደተለወሰ መጡ። ፊታቸው ተለውጧል። "ጫልቱ ጠጥታለች" አሉ።

ጫልቱ በዚያው መጋዘን ውስጥ ከወለደች አሥራ አንድ ቀኗ ነበር። አራስ ናትና ከሁሉ በፊት ለሷ ይድረሳት ብለው ከዱቄቱ ሙቅ ሠርተው ሰጥተዋታል። አንድ ኩባያ። ከሸራው መጋረጃ ጀርባ ስንደርስ ግድግዳውን ተደግፋ ሕፃኑን እያጠባች ነበር። "ምነው?" አለችን ሁላችንን አይታ። ከዚያ ራሴን ያዞረኛል አለች፤ ወዲያው አስመለሳት።

በመጣሁበት ባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ምን እንደበላች ስትጠይቅ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። "ምን ዓይነት መድኃኒት ነው?" አለችኝ። አላውቅም። "ከየት መጣ?" የአጎቴን ስም ዋጥኩት። ኦቦ ቱፋ አዩኝ፤ ያንን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም። ሰው ደብቆ የያዘውን ነገር እንደሚያውቁ ሰዎች ነበር ያዩኝ። ሕፃኑን ለጊዜው እንዳታጠባ ተባለች። ከመጋዘኑ ሌላ እመጫት ተጠርታ መጥታ ከራሷ ልጅ ጋር እያቀያየረች አጠባችው። እኔ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የመግሪብ ሶላት አለፈኝ።

እሑድ ጧት ተጂ ሄድኩ። አጎቴ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። እንደ ወትሮው ቦታ ለቀቁልኝ። ቆሜ ቀረሁ።

"ጋሼ፣ ስንዴው የዘር ስንዴ ነበር?"

አልካዱም። መካድ ቢጀምሩ ምናልባት ይቀለኝ ነበር። "ገዢው ቀረብኝ፣ የዘር ጊዜ አለፈ" አሉ። "አሳጥቤዋለሁ እኮ። ሁለት ጊዜ አሳጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ።"

"ለቤትዎ ለምን አላስፈጩትም?"

መቁጠሪያቸውን፣ ሙስባሃቸውን፣ ቆጠሩ። "አንተ አይደለህ እንዴ አይበሉትም ያልከኝ? ገበያ አውጥተው ይሸጡታል አልክ። ከሸጡት ደግሞ ከሌላ እህል ይቀላቀላል፣ ይሳሳል፣ ማንንም አይጎዳም ብዬ ነው።"

"አንዲት አራስ ጤና ጣቢያ ተኝታለች።"

"አላህ ይማራት" አሉ። ከልባቸው ነበር ያሉት፤ እሱ ነው የከበደኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። እኔን አስተምረዋል፣ ድረውኛል። ግን ለሰው የማይሰጠውን እህል ለነዚያ ሰዎች መስጠት የቻሉት እነሱን ከሰው ዝቅ አድርጌ ያሳየኋቸው እኔ ስለሆንኩ ነው። እሳቸው ስንዴውን አዋጡ፤ እኔ ምክንያቱን አዋጣሁ።

"ሄጄ እናገራለሁ ጋሼ" አልኳቸው።

"በእኔ ላይ?"

"በሁለታችንም ላይ።"

ሰኞ ጧት ሄጄ ለሚመለከታቸው ሰዎች ያየሁትን ሁሉ፣ የአጎቴንም ስም ጭምር ተናገርኩ። ስንዴውና ዱቄቱ ከከተማ ውጭ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ። የተራቡ ሰዎች ቆመው አሥር ኩንታል እህል አፈር ሲለብስ ሲያዩ አይቻለሁ። በዚያ ቅዳሜ ከነሱ በኋላ እህል ያስፈጨ ደንበኛ ባይኖርም ወፍጮውን ፈትቼ እስከ ድንጋዩ አጠብኩት፤ ሳምንት ሙሉ ሳልሠራ ቀረሁ። አጎቴ ተጠይቀው ተቀጡ፣ ሱቃቸውም ለጊዜው ታሸገ። ከዚያ ወዲህ በዒድ እንኳ የሚጠራኝ ዘመድ ጥቂት ነው። "ባሳደገው እጅ ላይ ምራቁን ተፋ" ይሉኛል። አንዳንዴ እነሱም ልክ ይመስሉኛል።

ጫልቱ በሦስተኛው ቀን ተሻላትና ወጣች። አልሐምዱሊላህ።

ወፍጮው እንደገና በተነሳ ቀን ኦቦ ቱፋን ለምኜ አስመጣኋቸው። ደንበኞቹ በተሰለፉበት፣ ያን ቀን የሳቀውም ባለበት፣ እግራቸው ሥር ዝቅ ልል ስል ክንዴን ይዘው አስቆሙኝ።

"ይቅር ብያለሁ" አሉኝ። "ልዋሽህ ግን አልችልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው በተሰበሰበበት እጄን ኪሴ ውስጥ አልከትም። ብርድ ቢሆንም አልከትም።"

ይቅርታ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ ሊለኝ ሲል ይህችን ሰማሁ። እስካሁን የምሸከመው እሷን ነው።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከእናንተ መካከል ዕርዳታ ያዋጣ፣ የሰበሰበ፣ ያከፋፈለ አይጠፋም። የሚሰርቅ የለም አልላችሁም፤ ወፍጮ ቤት ነው ያደግሁት። እኔ የምላችሁ፣ ጥርጣሬያችሁን ወደ ታች ብቻ አታውርዱት። ተቀባዩን አሥር ጊዜ ስትመረምሩ ሰጪውን አንዴ ጠይቁ። ስለ ተቸገረ ሰው የምትጥሏትን አንዲት ቃል ደግሞ ማን አንስቶ ምን እንደሚሠራባት አታውቁም። የእኔን ቃል ያነሳት የምወደው ሰው ነበር።

እህል መሰብሰቡን አላቆምኩም። ግን መጋዘኑ ውስጥ አንድ ነገር ተለወጠ። አዲስ ዱቄት በወሰድኩ ቁጥር የመጀመሪያው ቂጣ ሲወጣ ቆርሰው ለእኔ ይሰጡኛል። ማንም ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም። ሁለት መቶ ሰው ቆሞ እያየኝ አኝካለሁ፣ እውጣለሁ። ጥቂት ይጠብቃሉ። ከዚያ መብላት ይጀምራሉ። አልከፋኝም፤ እኔ ብሆንም እንደዚያው አደርግ ነበር።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ቆየን። አንድ ጧት ዱቄት አድርሼ ቂጣው እስኪወጣ ቆሜ ስጠብቅ ጫልቱ ልጇን በጀርባዋ አዝላ መጣች። ከሰፌዱ ላይ ትኩሱን ቆረሰች። እጇን ወደኔ ትዘረጋለች ብዬ እጄን አነሳሁ። እሷ ግን ቆማ መብላት ጀመረች።